ባዶ እጁን የሚቀረው ማነው?

አያቴ ያረፉት ገብሱ ሳይታጨድ ነው። ከሳቸው አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ ብባል ጥያቄያቸውን እመርጣለሁ። ሽምግልና ተቀምጠው ፍርድ ሊሰጥ ሲል ጋቢያቸውን ሰብሰብ ያደርጉና «ቆዩ እስቲ፤ ባዶ እጁን የሚቀረው ማነው?» ይሉ ነበር።

ጥያቄውን ያመጡት ከአርበኝነት ዘመናቸው ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ፣ እሳቸው ከገሳይ በላይ ጫካ ሳሉ ጥይት አለቀባቸው። እስከ ሱዳን ጠረፍ ጥይት ሊገዛ የሄደው ባልንጀራቸው አህያውን ባዶውን እየነዳ ተመለሰ።

«የውጭ መንግሥታት ተስማምተው፣ ለሁለቱም ተዋጊ መሣሪያ እንዳይሸጥ በየአገራቸው ሕግ አውጥተዋል። የጠረፉ ሹም ሊሸጥልኝ የነበረውን ነጋዴ አስሮ ጥይቱን ወረሰው» አላቸው።

«ለሁለቱም ከሆነማ እኩል ነው» አለ ሌላው።

«ምኑ ነው እኩል? ጣሊያን ራሱ ይሠራል፤ እኛ ገዝተን ነው!» አሉ አያቴ። ይህን ባወሩን ቁጥር ቁጣቸው እንደ አዲስ ይነሣ ነበር።

ባለፈው እሑድ ሽማግሎች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው፣ በመስኖ ውኃ የተጣሉ አንድ ጎልማሳና አንዲት ባልቴት ዳኙ። አያቴ ይቀመጡባት የነበረችው ድንጋይ ባዶዋን ነበረች።

«እስክትታረቁ ሁለታችሁም ከወንዙ እንዳትጠልፉ» ብለው ሽማግሎቹ ሊነሡ ሲሉ ጎልማሳው ቀድሟቸው ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ቆዩ እስቲ። እኔ በጓሮዬ ምንጭ አለኝ። ባዶ እጃቸውን የሚቀሩት እሳቸው ናቸው።»

ሽማግሎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። እኔ ግን ዞሬ ድንጋይዋን አየሁ።