ድጎማውና የወንድሙ ሚስት

በፊቷ «እትዬ» ይሏታል። ዞር ስትል ምላጭ ናት። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ማወቅ ብቻም አይደለም፣ ደስ ይላታል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ስታወራ አንድ እጇን ወገቧ ላይ የምትጭን ሴት ናት። ቲማቲምና ቃሪያ አምርታ ትሸጣለች። በዚህ ምድር ላይ አብልጣ የምትንቀው በነፃ ለሚታደል ነገር ደጅ የሚጠና ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የምትንቀው በነፃ ሊያድል የመጣውን ነው።

ንቀቷ እንዲሁ ከሜዳ የበቀለ አልነበረም። አማቷ በሕይወት ሳለ መሬቱን ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ሲያካፍል ወንዝ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ለታናሹ ደረሰ። ለታላቁ፣ ማለትም ለእሷ ባል፣ ማዶ ያለው ድንጋያም ተዳፋት ቀረለት። ባሏ ትንፍሽ አላለም። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ለጎረቤት የሚጠቅም ዓይነት ነው። ምላጭ የዚያን ቀን ነገር ስታነሳ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ትልና፣ አህያዋ እሷ መሆኗን ጨምራ ትናገራለች፤ ማንም ቀድሞ እንዳይላት።

ድንጋዩን ለቀመችው። በለቀመችው ድንጋይ እርከን ሠራች፤ ውሃውን ከታች ከወንዙ በጀሪካን እየተሸከመች አወጣች። ገና በጀመረችበት ሰሞን ወገቧ አልታዘዝ ሲላት፣ መንግሥት ለገበሬ የውሃ ፓምፕ በድጎማ ይሰጣል ሲባል ሰምታ ግብርና ቢሮ ሄዳ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ረሷት። ቢሮው ሊዘጋ ሲል አንድ ሰውዬ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ብቅ አለና ከላይ እስከ ታች አይቷት «ባልሽ ይምጣ» አላት። ተነስታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ያንን ደጅ አልረገጠችም። ከቢሮው የሚላከውንም ሁሉ፣ ዘር ይዞ ይምጣ ምክር፣ ከእርከኗ ግርጌ ሳያልፍ በምላሷ ትመልሰዋለች።

የባሏን ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋን፣ ሰው ሁሉ የሚጠራው «ድጎማው» እያለ ነው። ድጎማው ገበሬ ነኝ ይላል። ያ ጥቁር አፈር ግን አረም ውጦታል። ሰውዬው የሚያርሰው መሬት ሳይሆን ቢሮ ነው። ማለዳ ፀጉሩን አበጥሮ ይሄዳል፣ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ሰላም ይላል፣ የሚታደል ነገር ካለ ከማንም በፊት ይሰማል። ዘመናዊ ቀፎ ሲታደል ወሰደ፤ ቀፎው ዛሬ የሚስቱ የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው። የእንቁላል ዶሮ ሲታደል ወሰደ፤ ዶሮዎቹ አንድ እንቁላል ሳይጥሉ ድስት ገቡ። የቢሮውንም ቋንቋ አጥርቶ ይናገራል። አንድ ቀን «ባለድርሻ አካላት» እያለ ሲደሰኩር ምላጭ፣ እነሱ ደግሞ እነማን ናቸው ብላ ጠየቀችው።

«እኛ ነና» አላት፣ አለማወቋ አሳዝኖት።

እንዲህ ላለ ሰው ነው እንግዲህ የላስቲክ ቤት የተሠራለት። የብረት ቋሚ፣ ነጭ ላስቲክ፣ የሚከፈት የሚዘጋ በር፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ «ግንባር ቀደም አርሶ አደር» ተብሎ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ያጨበጨቡት ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ በሩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ድጎማው ሞተር ብስክሌቱን አስገባበት። ሚስቱም ዝናብ ሲሆን ልብስ ቶሎ እንደሚደርቅበት አይታ ከቋሚ ቋሚ ገመድ ወጠረች። ምላጭ ከማዶ ሆና ውሃዋን ስትሸከም ነጩ ላስቲክ ውስጥ የዋርሳዋ ሱሪ ሲወዛወዝ ይታያታል። አንዳንዴ ጀሪካኑን አውርዳ ቆማ ታየዋለች። ማየቱ ኃይል ይሰጣታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ድጎማው እርከኑን እያለከለከ ወጥቶ መጣ። ላብ አሳምሮት አያውቅም።

«እትዬ፣ ችግኞችሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ።»

«ችግኝ እንደ ወንፊት ይዋሳል እንዴ?»

«ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙኝ ነው። ባዶውን ካዩት ለመንደሩ ሁሉ ውርደት ነው።»

«መንደሩን ምን አገባው? ሱሪው የተሰጣው ያንተ ነው።»

ወይ ፍንክች አለች። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ባሏ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። እናታቸው ስትሞት ያን ልጅ አዝሎ ያሳደገው እሱ መሆኑን፣ ሰው ፊት ሲዋረድ ቆሞ ማየት እንደማይችል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚናዘዝ ሰው ነገራት። ይህ ሰው ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ተነስታ በየከረጢቱ ያፈላቻቸውን ችግኞች በጋሪ ጫነች። ስትጭን ግን አንድም ደግ ቃል አልወጣትም።

በጉብኝቱ ቀን ከሰው ኋላ ቆማ አየች። ችግኞቿ በነጩ ላስቲክ ሥር ተደርድረው፣ አላውቅሽም ያሏት መሰላት። ከጎብኚዎቹ ዋናው ሰው፣ ይህን ለመሰለ ውጤት እንዴት እንደበቃ ድጎማውን ጠየቀው። ድጎማው አንገቱን ሰበር አድርጎ በትጋት ነው አለ። በትጋት። ምላጭ አፏን በእጇ ይዛ ከሕዝቡ መሃል ወጣች፤ ሳቅ ይሁን ትውከት ያመለጣት ራሷም አልለየችውም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ድጎማው በዚያው ጉብኝት አሰልጣኝ ተደርጎ ተመረጠና፣ የአካባቢው ቲማቲም አምራቾች ሁሉ ቀርበው ከእሱ እንዲማሩ ጥሪ ወጣ። ምላጭ ሄደች። ይህን ሳላይ ከምቀር ዓይኔ ይጥፋ ብላ ነው የሄደችው። አዳራሹ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ድጎማው ማይክሮፎኑን ሁለቴ መታ መታ አድርጎ፣ ቲማቲም ማለት እንደ ልጅ ነው፣ ፍቅር ይፈልጋል ብሎ ጀመረ።

«ስንቱን ወልደህ አሳደግክ?» አለች ምላጭ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የምትጠብቀው ፊቱ ደም ሲለብስ፣ ምላሱ ሲተሳሰር ማየት ነበር። ድጎማው ግን ከሁሉ በላይ ሳቀ። የወንድሜ ሚስት ናት፣ ጨዋታ አዋቂ ናት፣ አጨብጭቡላት አለ። አጨበጨቡላት። ያን ጊዜ ነው ምላጭ አንድ ነገር የገባት፤ ንቀት የሚቆርጠው ቆዳ ያለውን ሰው ነው። ይህ ሰውዬ ቆዳ የለውም፣ ወይም ሁለመናው ቆዳ ነው። ሥልጠናው አልቆ አበል ሲታደል እሷ ሳትወስድ ወጣች፤ የእሷንም እሱ ፈርሞ ወሰደላት።

በዚያው ዓመት፣ ቲማቲሙ መቅላት ሲጀምር፣ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። ከበረዶ ይልቅ ጠጠር ማለት ይቀላል። ምላጭ ከቤቷ ደፍ ላይ ቆማ ማሳዋ ሲወቃ አየች። ሲያባራ ወጥታ በእርከኑ መሃል ሄደች፤ ግንዱ ተሰባብሮ፣ ፍሬው ፈርጦ፣ ቅጠሉ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ነበር። ባሏ ሊያጽናናት እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያደርግ ገፍታ አወረደችው። በማግስቱ አካባቢው ሁሉ ያለቅስ ነበር። የድጎማው ማሳ ብቻ ምንም አልሆነም፤ በረዶው የሚመታው ነገር አላገኘበትም።

ለተጎዱ ገበሬዎች እርዳታ ይመጣል ተባለ። ማን ይገባዋል ብሎ የሚለየው ኮሚቴ ውስጥ ማን እንዳለ መገመት አያቅትም። ባሏ፣ ወንድሜን አንድ ቃል ልንገረው አለ። ምላጭ፣ ለእሱ እጄን ከምዘረጋ ይህን የለቀምኩትን ድንጋይ ብቆረጥም ይሻለኛል አለች። የምትተክለው ግን አልነበራትም። ያፈላችው ችግኝም አልቋል። ሲነጋ ፊቷን ታጥባ፣ ባሏን ሳታማክር፣ ያንን ዳግም አልረግጥም ያለችውን ቢሮ ልትረግጥ ሄደች።

ኮሪደሩ አልተለወጠም። አግዳሚ ወንበሩ እንኳ ያው ነው፣ አንድ እግሩ ሥር ካርቶን ተጣጥፎ ገብቶለታል። አልተቀመጠችም። ያገኘችውን በር ገፍታ ገባች። ውስጥ አንዲት ወጣት ባለሙያ እርግዝናዋ ገፍቶ፣ ያበጠ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር ሣጥን ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ምላጭ የምትናገረውን መንገድ ሙሉ ስትስል መጥታለች። ባለሙያዋ ግን ቀደመቻት።

«የእርከኑ እናት አይደሉ? ይቀመጡ።»

«ከየት ታውቂኛለሽ?»

«ማሳዎን ልይ ብዬ መጥቼ አባረውኛል። አንዴ አይደለም።»

ምላጭ ልጅቷን አየቻት፣ አስታወሰቻትም። በዚህ ጫማሽ ድንጋይ አትውጪ፣ ሂጂና ቢሮሽን ጥረጊ ብላታለች። ሰው ሰምቶ ስቆ ነበር፤ ምላጭም በዚያ ቀን ራሷን አድንቃለች። አሁን፣ ለምን ነበር የመጣሽው ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ሳትቆጣ ነገረቻት። ለተዳፋት መሬት ተብሎ የጠብታ መስኖ መጥቶ ነበር፤ ታንከሩ ከላይ ተቀምጦ ውሃው በቱቦ በየግንዱ ሥር የሚንጠባጠብ፣ ከፓምፑ ጋር። በዚህ አካባቢ ተዳፋት ላይ በእርከን የሚያለማ ከእሷ ሌላ ስላልነበረ ለእሷ ታስቦ ነበር። አልቀበልም ያለ ሰው ዕቃ ግን ቢሮ ውስጥ አይቀመጥም፤ ለሌላ አመልካች ተሰጠ።

«ለማን?» አለች ምላጭ። ጥያቄው ከአፏ ሳይወጣ መልሱን ታውቀው ነበር።

ወንዝ ዳር ላለ፣ አጎንብሶ በጣሳ መቅዳት ለሚችል ሰው። ቱቦው ዛሬ የድጎማው ጓሮ ውስጥ ተጠቅልሎ ድመት ተኝታበታለች። ምላጭ ያን ጊዜ ተቀመጠች። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ጀሪካን ባንዴ ተመልሶ ጀርባዋ ላይ የወጣ መሰላት። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ቢሆን ምን እንደምትለው ታውቃለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፣ የምታወርድበት ሰው ግን ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር አልነበረም።

ባለሙያዋ ብዙ አላስጨነቀቻትም። ለበረዶ ጉዳት የሚሰጠው ዘርና ማዳበሪያ በኮሚቴ ቸርነት ሳይሆን፣ ጉዳቱን ባለሙያ አይቶ ሲመሰክር እንደሚሰጥ ነገረቻት። ነገ ራሷ መጥታ ታያለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ ለሌላ ሰው እንደምታወራ አድርጋ፣ በድጎማ የተሰጠ ንብረት ሳይሠራበት ከቆየ ለሚሠራበት ሰው እንዲዛወር መመሪያው እንደሚፈቅድ፣ ለማጣራትም በቅርቡ ሰዎች እንደሚወጡ ተናገረች።

ምላጭ ከቢሮው በቀጥታ የሄደችው ድጎማው ቤት ነው። ሊያጣሩ እንደሚመጡ ሰምቷል፤ ሞተር ብስክሌቱን እየጎተተ ሲያወጣ አገኘችው። ላስቲክ ቤቱንና ቱቦውን ከነፓምፑ እንደምትፈልግ ነገረችው። አላስለመናትም፣ አልለመነችውምም። የከበደው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሰሌዳው ግን ስሜ እንዳለበት ይቆይ» አላት። «እንግዶች ለምደውታል።»

«ብትፈልግ ተከናነበው» አለችው። «እኔ ላስቲኩን ነው የምፈልገው።»

በማግስቱ ባለሙያዋ ሆዷን ደግፋ እርከኑን እያረፈች ወጣች። ምላጭ እጇን ይዛ አወጣቻት። ይቅርታ አልጠየቀቻትም፤ ይቅርታ የሚባለው ነገር ከዚያ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ውሃ ሰጠቻት፣ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት፣ ከበረዶው የተረፈውን ቃሪያ ለቅማ በከረጢት አሸከመቻት።

አሁን ቱቦው ተዳፋቱ ላይ ተዘርግቷል። ላስቲክ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ቲማቲም አለ። እንግዶች ሲመጡ ድጎማው ተበጥሮ ይደርሳል፤ ከሰሌዳው ሥር ቆሞ ስለ ትጋት ያስረዳል። አንዴ ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ቲማቲም የምታስረውን ሴት አይታ ማናት ስትል፣ የወንድሜ ሚስት ናት፣ ታግዘኛለች አለ። ምላጭ ዘወር አላለችም። ባሏ ማታ ይህን ሰምቶ በወንድሙ ሲናደድ፣ በትዳራቸው እንደዚያ ሲናደድ አይታው ስለማታውቅ እያየችው ሳቀችበት።

ቢሮውን ግን አትለቀውም። የሚታደል ነገር ሲኖር ከሰልፉ ፊት እሷ ናት፤ አንዳንዱ ሰው ሁለተኛዋ ድጎማው ይላታል፣ ራቅ ብሎ። አታመሰግንም። ባለፈው የተሰጣት ዘር ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ስታገኘው ከረጢቱን ተሸክማ ሄዳ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ጥርሱን ይጎረጉር የነበረው ሰውዬ ነው፤ ሸብቷል፣ አድጓልም። ባልሽ ይምጣ አላላትም። ዘሩን በእጁ እያፈሰ ወደ ከረጢቱ ሲመልስ እሷ ወገቧን ይዛ ቆማ ጠበቀችው፤ አንዲት ፍሬ ወለሉ ላይ ስትቀርም በጣቷ አሳየችው።