ከፒያሳ እስከ በሰቃ፦ ሀዲዱን ከውሃ ልናወጣ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ

ሰዓት እላፊው እንዳለቀ ከቤት ወጣን። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ስንገናኝ ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ነበር፤ ከወንዙ የሚነሳው ብርድ እግር ይቆረጥማል። አካፋ የያዘ፣ ዶማ የተሸከመ፣ በከረጢት ዳቦና ቆሎ የቋጠረ፣ ሃያ የማንሞላ የሰፈር ሰዎች ነን። ከድልድዩ ማዶ የቆመ ወታደር አየንና «ወዴት ነው?» አለ።

«ሀዲድ ልንጠግን» አለ ፀጉር አስተካካዩ ግርማ። «ባቡሩ እግሩን አመመው ብለውን ነው።»

ወታደሩ አልሳቀም። የይለፍ ወረቀታችንን ተራ በተራ አይቶ ለቀቀን።

መሪያችን ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በባቡር መንገድ ሥራ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚኖሩ ረጅም ሽማግሌ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ ወደ ሀዲዱ መቅረቡን ከሰሙ ወዲህ በየሱቁና በየቤቱ እየዞሩ «ይህ ሀዲድ የአያቶቻችን ላብ ነው። እዚያ የቀሩት ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ ድንጋይ እንኳ እናቀብላቸው» ሲሉ ሰነበቱ። ያ ዘመን ሁሉም ነገር በትእዛዝ የሚሆንበት ነበር። ለሰልፍ እንታዘዛለን፤ ለስብሰባ እንታዘዛለን፤ መንገድ ለመጥረግ እንታዘዛለን። ስለዚህ ጋሽ ተፈራ የይለፍ ወረቀት ሊጠይቁ ቀበሌ ሲሄዱ ሊቀመንበሩ ግራ ገባው።

«ማን አዘዛችሁ?» አላቸው።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳላችሁ?»

«ውሃው ትእዛዝ አይጠብቅማ» አሉት።

ወረቀቱን ለመስጠት ብዙ አመላለሳቸው፤ በመጨረሻ ግን ፈረመ።

እኔ ያን ጊዜ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ላይ እሠራ ነበር። ስለ ሀዲድ የማውቀው ነገር የለኝም። የሄድኩት ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ ብዬ ነው። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። ባለቤታቸው አቶ ደምሴ የሀዲድ ጠጋኝ ነበሩ። ከአብዮቱ በፊት፣ አንድ ክፉ ክረምት በሰቃ አጠገብ ሥራ ላይ ሳሉ ወባ ያዛቸው። ጎርፍ መንገዱንም ሀዲዱንም ቆርጦት ስለነበር ሐኪም ዘንድ የሚያደርሳቸው ጠፋ። ሲሞቱ ሬሳቸውን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አልተቻለምና፣ አለቃቸው የነበሩት ጋሽ ተፈራ ከሀዲዱ ግርጌ፣ ግራር ሥር ቀበሯቸው። መርዶው ፒያሳ የደረሰው መንገዱ ሲከፈት ነው። እትዬ አስካለ ያለ ሬሳ አለቀሱ። «መንገዱ ይርጋልኝና ሄጄ አያለሁ» ሲሉ አብዮቱ መጣ፤ ከዚያ ይለፍ፣ ከዚያ ያ የግድያ ዘመን፣ ከዚያ የምሥራቁ ጦርነት። መቃብሩን ሳያዩ ዓመታት አለፉ።

እንግዲህ ጋሽ ተፈራ አንድ ቀን እትዬ አስካለ ቤት መጥተው ቆብ አውልቀው ተቀመጡና «አስካለ፣ ውሃው ወደ ደምሴም እየቀረበ ነው» አሏቸው። እትዬ አስካለ ሌላ ነገር አልጠየቁም። «እኔም ድንጋይ እሸከማለሁ» ብቻ አሉ።

አቀበቱን ወጥተን ፒያሳ ስንደርስ የዳቦ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ማዘጋጃ ቤቱን አልፈን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ለገሃር ጣቢያው በር ላይ ወታደሮች ተሰልፈዋል።

ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ

የእንጨት ወንበር፣ የተሰነጠቀ መስኮት፣ የዘይትና የላብ ሽታ። ከፊሉ ፉርጎ ወደ ምሥራቅ በሚሄዱ ወጣት ወታደሮች ተሞልቷል። አቃቂን እንዳለፍን ሜዳው ይከፈታል፤ የጤፍ ማሳ፣ ጭድ ክምር፣ ከባቡሩ ጋር የሚሮጥ ውሻ። ደብረ ዘይት ላይ ቆምን። ሞጆ ላይ ደግሞ ሴቶች የተቀቀለ እንቁላልና ሸንኮራ በመስኮት ያቀብላሉ። ናዝሬት ላይ ብርቱካን ገዛን፤ ከፒያሳው በግማሽ ዋጋ፣ ጭማቂውም ክርን ድረስ የሚወርድ።

ግርማ አንድ ብርቱካን ልጦ ለእትዬ አስካለ ሰጣቸው። «ይብሉ እንጂ እትዬ። ባዶ ሆድ ድንጋይ አያነሳም።»

ተቀበሉትና ሳይበሉት በእጃቸው ያዙት። ጭናቸው ላይ የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አለ። ለምን እንደያዙት ገባኝና «የአቶ ደምሴን አፅም ሊያመጡ ነው?» አልኳቸው።

«አዎ ሰብልዬ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጊዮርጊስ ደጅ አሳርፈዋለሁ። እሑድ እሑድ አየዋለሁ። ይህን ብቻ ነው የምፈልገው።»

ወለንጪቲን ካለፍን በኋላ አየሩ ተለወጠ። ንፋሱ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስላል። ሣሩ ጠፍቶ ጥቁር ድንጋይ መጣ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ስለታም፣ እስከ ፈንታሌ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ። በመካከሉ ግመሎች ይሄዳሉ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሰቃ

ሐይቁን ሳየው ውብ ነው ልል ስል አፌን ያዝኩ። ሰማያዊ ነው፤ ነገር ግን ዛፎች ቆመው ሞተውበታል። ውሃው ጨዋማ ነው፤ የነካውን ግራር ሁሉ አድርቆ ነጭ አጥንት አስመስሎታል። ሀዲዱ በጥቁር ድንጋይ ካብ ላይ ሆኖ በዳሩ ያልፋል። በአንድ በኩል ውሃው የካቡን እግር እየላሰ አፈሩን ወስዶበታል።

የጥገናው ኃላፊ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው፣ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ጠበቀን። መጀመሪያ ያመነን አልመሰለኝም። የኬክ ቤት ሴት፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የዕድር ዳኛ፣ ሁለት አስተማሪዎች። ጋሽ ተፈራን ሲያይ ግን ሄዶ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

በረድፍ ቆምን። ድንጋይ ከሜዳው ይነሳል፤ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ሠራተኞቹ በካቡ ላይ ይደረድሩታል። ሌሎቹ ደግሞ ሀዲዱን በብረት ዘንግ ከፍ ያደርጉና ከሥሩ ጠጠር ይጠቀጥቃሉ። ዘንጉን ሲጫኑ አንዱ ዘፈን ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበሉታል። የእኔ መዳፍ ቶሎ ተላጠ። እትዬ አስካለ ከጎኔ ሆነው አንዲትም ድንጋይ ሳይጥሉ አቀበሉ፤ ዓይናቸው ግን ግራሮቹ ላይ ነበር።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ጋሽ ተፈራ መጡና «ነዪ» አሏቸው። ተከትያቸው ሄድኩ።

መቃብሩ ዙሪያውን ድንጋይ የተከበበ፣ ከሀዲድ ቁራጭ የተበየደ መስቀል የቆመበት ነው። ውሃው ግርጌው ደርሷል። አፈሩ ረጥቧል፤ ስንቆምበት እግራችን ሰረጎደ። እትዬ አስካለ ተንበረከኩና መዳፋቸውን መሬቱ ላይ ዘረጉ።

«ደምሴ» አሉ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንደሚጠሩት። «ቆየሁብህ።»

ግመሎቻቸውን ከውሃው አርቀው የሚነዱ አንድ የከረዩ ጎሳ ሽማግሌ ቆመው አዩን። በኦሮምኛ የተናገሩትን የጥገናው ኃላፊ ተረጎመልን፤ «ልጅ ሳለሁ ይህ ቦታ ከብት የምናሰማራበት ነበር። ይህ ውሃ ወደኋላ አይመለስም። የሚወሰድ ነገር ካላችሁ አሁን ውሰዱ።»

እሑድ

ጠዋት ጋሽ ተፈራ መተሐራ ሄደው ቄስ አመጡ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ግን በእሳቸውና በእትዬ አስካለ መካከል ከባድ ንግግር ሆነ።

«አስካለ፣ ልንገርሽ» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ወደ አዲስ አበባ እንውሰደው ካልሽ እኔ እሸከመዋለሁ። ነገር ግን ኬላ ላይ ከረጢት ይፈተሻል። አፅም ሲያገኙ የማን ነው፣ ከየት አመጣችሁት፣ ማን ገደለው ይሉናል። የመጣነው በስንት ልመና በተገኘ ወረቀት ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አሉ።» ወደ እኛ አመለከቱ። «መተሐራ ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ነው። ውሃ አይደርስበትም።»

እትዬ አስካለ አቡጀዲውን ደረታቸው ላይ ይዘው ወደ ውሃው ሲያዩ ቆዩ። ግርማ፣ ቀልድ የማይለየው ግርማ፣ «እኔ አልፈራም። እትዬ ያሉት ይሁን» አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም እንደፈሩ ግን ያስታውቃል፤ እኔም ፈርቻለሁ።

«እናንተን እያሰብኩ ብቻ አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ በመጨረሻ። «ዘነበችን እያሰብኩ ነው።»

ሁላችንም አቀረቀርን። እትዬ ዘነበች ከእኛ ግቢ በላይ ይኖራሉ። ልጃቸውን ብርሃኑን በዚያ በግድያው ዘመን ታጣቂዎች ከቤት ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራቸው የለም። ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይተክሉ፣ ድምፅ አውጥተው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ሰፈሩም ፈርቶ ደጃቸውን ሳይረግጥ ቀረ።

«እኔ የባሌን አፅም ተሸክሜ፣ ታቦት እንዳጀበ ሰው፣ በእሷ ደጅ ላልፍ ነው?» አሉ እትዬ አስካለ። «እሷ ጣቱን እንኳ አላገኘችም። እሑድ እሑድ ጊዮርጊስ ደጅ መቃብር ሳቅፍ እያየችኝ ልትሳለም ነው? አይሆንም። ደምሴ እዚህ ይረፍ። ከደረቅ ቦታ ብቻ አሳርፉልኝ።»

ጋሽ ተፈራ የቀበሩት እሳቸው ነበሩና መጀመሪያ አካፋውን ያነሱትም እሳቸው ሆኑ። አፈሩ ለስላሳ ነበር። አቶ ደምሴ በሥራ ካፖርታቸው ነበር የተቀበሩት፤ ጨርቁ አልቆ ቁልፎቹ ቀርተዋል። እትዬ አስካለ ማንም እንዲነካ አልፈቀዱም። እያንዳንዱን አጥንት በእጃቸው አነሱ፤ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ አቡጀዲው ላይ አኖሩ። አላለቀሱም። ፊታቸው ልጅ የምታጥብ እናት ፊት ነበር።

ሠራተኞቹ በሀዲድ ላይ የምትገፋ ትንሽ ጋሪ አመጡ። አፅሙን በእሷ አድርገን፣ ከፍ ያደረግነውን ሀዲድ ተከትለን፣ ቄሱ ከፊት እያዜሙ ወደ መተሐራ ሄድን። ጋሪዋን የገፉት የአቶ ደምሴ የቀድሞ ባልደረቦች ናቸው። በመንገድ ያገኘነው ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ቆሞ አሳለፈን። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ቀይ አፈር ላይ ቀበርናቸው። የብረት መስቀሉን ግርማ ተሸክሞት መጥቶ ተከለው። ከዚያ ተመልሰን እስኪመሽ ድንጋይ አቀበልን፤ ሥራው አላለቀም ነበርና።

ሰኞ

ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ካቡ ጫፍ ደርሶ ቆመ። የጥገናው ኃላፊ የምልክት ባንዲራ ይዞ ከፊቱ በእግሩ ሄደ፤ ባቡሩ በዝግታ ተከተለው። እኛ ከሀዲዱ ራቅ ብለን ቆመን ድንጋዮቹን እናያለን። ጥቂት ጠጠር ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ካቡ ግን ያዘ። የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ጋሽ ተፈራ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?» አላቸው ግርማ።

«ውሃው እስኪያድግ» አሉ። «ያን ጊዜ ደግሞ እንመጣለን።»

ባቡሩ ከካቡ ማዶ ሲቆምልን በዚያው ተሳፈርን። ኬላ ላይ ተፈተሽን። ከረጢታችን ውስጥ የቆሎ ትርፍራፊና ብርቱካን እንጂ ሌላ አልነበረም። ለገሃር ስንወርድ ከተማው በርዶናል። ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስንወጣ የሁላችንም ወገብ አልቆ ነበር።

ሰፈር ስንደርስ እትዬ አስካለ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ቀጥ ብለው የእትዬ ዘነበችን በር አንኳኩ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

«አገኘሽው?» አሉ እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው።

«አገኘሁት። አፅሙን አዛውሬ ነው የመጣሁ። እንግዲህ ለቅሶዬን እንደ አዲስ ልቀመጥ ነው፤ ነገ ቤቴ ነዪ።» ክንዳቸውን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዘኔ፣ የማለቅሰው ለባሌ ነው። ለባሏ ለምታለቅስ ሴት ፈቃድ አይጠየቅም። አንቺ ከጎኔ ትቀመጫለሽ። ማንን ብለሽ እንደምታለቅሺ የሚጠይቅሽ የለም።»

እትዬ ዘነበች የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። 

ማክሰኞ፣ ቤት

እኔ ኬክ ቤቱን አስፈቅጄ ቀረሁ። ዕድሩ አግዳሚ ወንበሮቹን አመጣ፤ ጠባብዋ ግቢ ሰው ሞላት። እትዬ ዘነበች ረፋዱ ላይ መጡና ከእትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጡ።  እትዬ አስካለ «ደምሴ ጋሻዬ» ብለው ሲጀምሩ ከእትዬ ዘነበች ደረት ሌላ ድምፅ ወጣ። የሰው ድምፅ ነው ለማለት ይከብዳል። «ልጄ» አሉ። «ብሬ» አሉ። ያን ስም በግልጽ የጠራ ሰው ልጁ ከተወሰደበት ቀን ወዲህ አልነበረም። ግቢው ሁሉ ተከትሎ አለቀሰ፤ ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ።

የቀበሌው ጥበቃ ድምፁን ሰምቶ መጣ። በዚያው ሰፈር ያደገ ወጣት ነው። በር ላይ ቆሞ «ለቅሶው የማን ነው?» አለ።

«የባለቤቴ» አሉ እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «አፅሙን አዛውሬ መጥቼ።»

ጥበቃው እትዬ ዘነበችን አያቸው። «ብሬ» ማለታቸውን አላቆሙም። ጠብመንጃውን ከትከሻው አውርዶ እጁ ላይ አንጠለጠለው። «እግዜር ያጥናችሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ሰው እየተበተነ ሲሄድ ለእትዬ ዘነበች ውሃ አመጣሁላቸው። ፊታቸውን ታጠቡ፤ ክንዴን ተደግፈው እስከ ደጃቸው ደረስን። ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ሳይወስደኝ አይቀርም» አሉኝ።