የደከመው ሞላ

ኤግበርት ሃይገሌን ከተማው የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፤ የሞተ የመጫወቻ ባቡር ያስነሳል። ከፋብሪካ ሥራው በጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ እሁድ ከአሮጌ ዕቃ ገበያው አይጠፋም። አያት ይሞታል፣ ልጆቹ ጣሪያ ሥር የተከማቸውን ጓዝ ያወርዳሉ፣ በጫማ ካርቶን የታጨቀው ባቡር ገበያ ይወጣል። ኤግበርት ታዲያ ዝገት የበላውን፣ መብራቱ የተሰበረውን፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ሎኮሞቲቭ መርጦ በጉያው ሸጉጦ ይመለሳል። አይ እሱ! ደህናውን በነፃ ቢሰጡትም አይወስድም።

ቤቱ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ያነጥፍና ይፈታዋል። መጀመሪያ የባቡሩ መንኮራኩሮች ላይ የተጠመጠመውን በወረንጦ ይለቅማል፤ የምንጣፍ ክር፣ የድመት ፀጉር፣ አንዳንዴም ረጅም የሴት ፀጉር። ሰው የሚኖርበት ቤት ወለል ላይ የሮጠ ባቡር ነዋ! የእሱ ቤት ወለል ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። ሚስት አላገባም። እህቱ ከሞተች ወዲህ ስልኩ ቢጮኽም ቁጥር የተሳሳተ ሰው ነው። የተበላሸ ባቡር ያለው ይመጣል፣ ኤግበርት ይጠግንለታል፣ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል፤ በቃ። አንዴ የነካው ነገር ድጋሚ ስለማይበላሽ ተመልሶ የሚመጣ የለም። የጎዳውስ የእጁ ወርቅነት ነው።

ወይዘሮ ሩፍ የመጣችው ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነበር። ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ባሏ በቅርቡ የሞተባት ሴት ናት። ከቦርሳዋ በፎጣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ አወጣች።

«የዲትማር ነው፣ የባለቤቴ» አለች። «ከታመመ ጀምሮ አልሮጠም። ይድናል?»

«ይድናል እንጂ! ከዚህ የባሰ ስንቱን አስነስቻለሁ። እስቲ አረፍ ይበሉ።»

አረፍ አለች። የዲትማር ማንኮራፋት ጎረቤት ይቀሰቅስ እንደነበር፣ እሱ ግን «የምታንኮራፊውስ አንቺ ነሽ» ብሎ ድርቅ ይል እንደነበር አጫወተችው። ኤግበርት ከት ብሎ ሳቀ። የራሱ ሳቅ አስደነገጠው፤ ከሰማው ቆይቷል።

ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን የሚገፋ ትንሽ ሞላ አለ። የዚህኛው አርጅቶ ደክሟል። አዲስ ሞላ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ሞልቶ ተርፏል። ኤግበርት መሳቢያውን ከፈተ፤ ሴትዮዋን አየት አደረገ፤ መሳቢያውን መልሶ ዘጋ። የደከመውን ሞላ ሳብ ሳብ አድርጎ እዚያው መለሰው። ለጊዜው ይሠራል፤ ሞተሩ ሲግል ግን ይለግማል። ይህን ደግሞ አሳምሮ ያውቃል።

ወይዘሮ ሩፍ አመስግና ይዛው ሄደች፤ ብዙ ቀን ሳይቆይ ግን ተመለሰች።

«አቶ ሃይገሌ፣ ምን ይሻለኛል? ቆመብኝ!»

«አሮጌ ነገር እኮ ነው፤ ያስቸግራል» አላት ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

እሱ ያንኑ ሞላ ሳብ አድርጎ ይመልሳል፣ ባቡሩ ቤቷ ሲደርስ ይቆማል፣ እሷም ትመለሳለች፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሐሙስ የወይዘሮ ሩፍ ቀን ሆነ። ኤግበርት ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ብሬጸል የሚሉትን ቅቤ የተቀባ ጥምዝ ዳቦ ይገዛል፣ የጋራውን ደረጃ ይጠርጋል። ደረጃ መጥረግ በዚያ አገር በተራ ነው፤ ተራ ደግሞ አይነካም። የታችኛዋ ጎረቤቱ አንድ ቀን ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«አቶ ሃይገሌ! የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ ነው እኮ። ምነው፣ መጥረጊያ የለኝም መሰለዎት?»

«እንግዳ አለብኝ።»

«እሱንማ ማን ያላወቀ አለ! ሽቶዎ ቀድሞዎት ደረጃውን ይወርዳል።»

ኤግበርት አፈረ፤ ደስም አለው። የብርዱን ወራት እንዲሁ አሳለፈ። ግን ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእሱም ስንቅ አለቀ።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል ወይዘሮ ሩፍ መጣች፤ ካፖርቷን ግን አላወለቀችም።

«አልቀመጥም» አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ። የማይድን ከሆነ ልተወው። ከምሳ በኋላ ሐዲዱ ላይ አድርጌው ጋደም እላለሁ። ድምፁን ስሰማ ዲትማር እዚያኛው ክፍል ያለ ይመስለኛል። ከዚያ በድንገት ፀጥ! በቆመ ቁጥር ዲትማር እንደ አዲስ ይሞትብኛል፣ አቶ ሃይገሌ። ከእንግዲህ አልችልም።»

ኤግበርት ክው አለ። ለካ እሱ ብሬጸል ሲገዛ እሷ ታለቅስ ኖሯል! መሳቢያውን ከፈተ፣ ባቡሩን ፈታ፣ አዲሱን ሞላ አስገባ። መሞከሪያው ሐዲድ ላይ ለቀቀው። ባቡሩ ዞረ፣ ጋለ፣ አሁንም ዞረ። የወይዘሮ ሩፍ ፊት በራ።

«ምን ነበር ችግሩ?»

«ሞላ ነው» ቢል ይበቃው ነበር። ምስጋናውም ክብሩም አብረው ይቀሩለት ነበር። አላስቻለውም።

«ችግሩ እኔ ነኝ» አላት። «ገና የመጀመሪያውን ቀን መቀየር እችል ነበር። ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ተመልሰው እንዲመጡ ብዬ።»

ስድቡን ጠበቀ። ቢሰደብ በወደደ። እሷ ግን ባቡሩን አቆመች፣ በፎጣዋ ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ያን የመጀመሪያ ቀን» አለች ፊቷን ሳታዞር፣ «እስከ ቤቴ ድረስ ምን ሰበብ ፈጥሬ ልመለስ እያልኩ ነበር የሄድኩት። ‹ሐሙስ ብቅ ይበሉ› ቢሉኝ ኖሮ ያለ ባቡርም እመጣ ነበር።»

ኤግበርት አሁንም «ሐሙስ ብቅ ይበሉ» ሊላት ይችል ነበር። እሱ ግን የተከፈተውን መሳቢያ መልሶ ዘጋ። እርምጃዋ ደረጃውን ወረደ፣ የታችኛው በር ተዘጋ።

ሞላው አዲስ ነው፤ ባቡሩ ዳግመኛ አልተበላሸም። ወይዘሮ ሩፍም አልመጣችም።