ሳልከራከር የገዛኋት በቅሎ

አባቴ ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው ደክሞ ቤተ ክርስቲያናቸው መድረስ ሲያቅታቸው በቅሎ ልገዛላቸው ከጎንደር ኮላ ድባ ገበያ ወረድሁ። አያ ይርጋ የሚባል ገበሬ አንዲት ሸጋ በቅሎ ይዞ ቆሟል። ዋጋዋን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ተገቢ መስሎ ስለታየኝ "እሺ፣ ገዝቻለሁ" አልሁት።

ፊቱ ጠቆረ። "ምነው ሳትከራከር?"

"አያ ይርጋ፣ ዋጋ ጠራህ፣ እሺ አልሁ። ምን ያከራክረናል?"

"እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖራት ነው እንጂ ሰው እንዲህ ቶሎ እሺ አይልም" ብሎ ልጓሟን ጠበቅ አደረገ። ራሱ ያሳደጋት በቅሎ፣ እሱ ያላወቀውን እኔ ከየት ላውቅ ኖሯል?

አጠገባችን የቆሙ ሽማግሌ ገላመጡት። "ዋጋ ጠርተሃል፣ እሱም እሺ ብሏል። ከእንግዲህ በቅሎዋ የሱ ናት።"

አያ ይርጋ ልጓሟን ሳይለቅ "ይሁን፣ ግን መጀመሪያ ይከራከረኝ" አለ።

ምን ላድርግ፣ አባቴ በእግራቸው ሊቀሩ ነው። ጆሮዋ ረዘመ፣ ዓይኗ ፈዘዘ እያልሁ ያለ ነውሯ አጣጣልኋት። እሱም በየቃሉ እየተቆጣ ዋጋዋን ሲቀንስ ቆይቶ፣ መጀመሪያ ከጠራው በብዙ አሳንሶ ልጓሟን አስጨበጠኝ።

በቅሎዋን ይዤ ዘወር ስል ለሽማግሌው ሲነግራቸው ሰማሁት።

"ሊያሞኘኝ ነበር፤ ነቃሁበት።"