ልብወለዱ የረሳት ሠራተኛ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ልብወለድ እየተራገምኩ አነባለሁ... ለሥራ ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ያናደደኝ መጽሐፍ የለም። ግን መንገድ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ታሪኩ አረብ አገር ስለሚኖሩ ፈረንጆች ነው። ውጭ ተኩስ እየተንጣጣ እነሱ መዋኛ ገንዳ ዳር ተቀምጠው «በረዶ አለቀብን» እያሉ ይነጫነጫሉ። ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ በረዶ።

ስነጫነጭ ሰምተውኝ ኖሮ አከራዬ የኔታ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። የድጓ መምህር የነበሩ አዛውንት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች፤ ድምጿ ከጠፋ ሦስት ወር አልፎታል። የእኛ ስልክ እየተቋረጠ ይሁን፣ እሷ አንድ ነገር ሆና ይሁን፣ የሚያውቅ የለም።

«ምን ይላል መጽሐፉ?»

«ኧረ ይተዉት የኔታ፣ የማይረባ ነው። ሰው አገር ሳሉ ረብሻ ስለተነሳባቸው ሰዎች ነው።»

«እስቲ አንብቢልኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

ግራ ገባኝ። ከዳዊት ሌላ ሲያስነብቡ አይቼ አላውቅም። ብቻ አነበብኩላቸው... በረዶውን እየዘለልኩ። አንዲት የእኛ አገር ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሻይ ይዛ ስትገባ «እሱን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። አንድ መስመር ናት፤ ስሟም አልተጻፈም።

መጨረሻ ላይ ፈረንጆቹ በአውሮፕላን ወጡ። አለቀ።

«ልጅቱስ?»

«የትኛዋ?»

«ሻይ ያመጣችው።»

«ስለ እሷ... አይልም የኔታ።»

«እንዴት አይልም? የጻፈው ሰውዬ ሳያውቅ ይቀራል?»

«ፈጠራ እኮ ነው፣ እውነት አይደለም።»

«ከተማውም ፈጠራ ነው?»

ከተማው እውነት ነው። ልጃቸው ያለችበት ከተማ መሆኑ ትዝ ያለኝ ገና ያኔ ነው። አፈርኩ።

መጽሐፉን ተቀብለው በጣታቸው እየዳበሱ ወደ መጨረሻው ገለጡት። አንድ ባዶ ገጽ አለ። በእሳቸው የብራና መጻሕፍት ባዶው ገጽ ላይ የሰው ስም ይጻፍና ይለመንበታል።

«እዚህ ጻፊ። ወለተ ኪዳን በሰላም አገሯ ገባች በይ።»

የልጃቸው የክርስትና ስም ነው።

«የኔታ፣ መጽሐፉ የሰው ነው... ደግሞ እኔ ሙስሊም ነኝ።»

«እጅሽ ይጽፍ የለም?»

ጻፍኩ። የጻፍኩት ጸሎት ይሁን፣ ውሸት ይሁን፣ ልብወለድ ይሁን እስከ አሁን አልገባኝም። እሳቸው ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ብለውበት፣ ተሳልመውት መለሱልኝ።

ሰኞ ዕለት የመጽሐፉ ባለቤት፣ የቢሮ ባልደረባዬ፣ «እንዴት አገኘሽው?» አለኝ።

«ሙሉ በሙሉ አሰልቺ ነው» አልኩት፤ «የመጨረሻዋን መስመር ግን አላህ እውነት ያድርጋት።»