በገብስ አገር ገብስ የማትበላ ልጅ

በሰቆጣ እንደ እኔ በሶ የሚጨብጥ ወንድ አልተወለደም፤ ሴትም መኖሯን እጠራጠራለሁ። ገብሱን በእጄ እለቅማለሁ፤ ሲቆላ አጠገቡ ቆሜ እቆጣጠራለሁ። አንድ ነጋዴ አንዲት ጭብጥ በሶዬን ጎርሶ ኮረም ድረስ ሄዶ ሳያርፍ ተመልሷል። በቅሎው እዚያው ቀረች፤ እሷ አልቀመሰችማ።

የመጀመሪያ ልጄን ሊገድልብኝ የነበረው ይኸው በሶ ነው።

አራት ዓመት ሲሞላት ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ እግሯ ሰንበሌጥ አከለ። ተቅማጡ አልቆም አለ። የወስፋት መድኃኒት ዋጠች፤ ጠበል ተጠመቀች። ጎረቤቱ «ዓይን ነው»፣ «ብርድ ነው» እያለ ቢከራከርም በአንድ ነገር ተስማምቶ ነበር፦ «የተሻለውን አብሏት!» በእኛ ቤት ደግሞ የተሻለው ገብስና ስንዴ ነው። ጤነኛው ማሽላውን ይበላል፤ ለታመመው የገብስ አጥሚት፣ የገብስ ገንፎ፣ የስንዴ ቂጣ ይወጣለታል። እኔና እናቷ በማሽላ ወፈርን፤ እሷ በምርጡ እህል ከሳች። «አባባ፣ በቃኝ» ስትለኝ «አንዲት ብቻ፣ ለእኔ ስትይ» እላታለሁ። ለእኔ ስትል ትውጣለች።

አንድ የገበያ ቀን የባለቤቴ አክስት ከአበርገሌ መጡ። ልጅቷን ሲያቅፏት እንባቸው ግጥም አለ፤ ወዲያው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንት ደገኛ፣ ይችን ልጅ ምን እያበላሃት ነው? ጭስ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ከእኛ ሁሉ የተሻለውን የምትበላው እሷ ናት!»

«እንግዲያ ለእኔ ስጠኝ። የፍየል ወተት ላጠጣት።»

«ቆላ? ወባው ቢይዛትስ? ምን ነካዎት!»

«እዚህስ እየሞተች አይደል?» አሉ።

ያንን ቃል እስከዚያ ቀን አንዳችንም ደፍረን አላወጣነውም ነበር። በማግስቱ በአህያ ጭነው ወሰዷት።

ከሦስት ወር በኋላ ላያት ወረድኩ። አንዲት ጉንጫም ልጅ «አባባ! አባባ!» እያለች ስትሮጥብኝ፣ የማን አባት ከኋላዬ መጣ ብዬ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም። አንስቼ አቀፍኳት፤ ከበደችኝ። እንደዚያ ቀን ሸክም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ምን ቢያበሏት ነው?» አልኳቸው።

«ምን አለኝና! ማሽላና ወተት ነዋ!»

ይዣት ተመልሼ ቤት ስትገባ ድግስ ደገስኩ። ዳቦ ተጋገረ፤ እኔም በሶዬን ጨበጥኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ ተመልሶ ተነፋ።

ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። «ቆላ የሌለ፣ እዚህ ያለ ምንድን ነው?»

«እኔ!» አልኳት።

አልሳቀችም። «ገብስና ስንዴ ነው» አለች።

«አንቺ ሴት፣ ገብስ ሰው ቢገድል የዋግ ሰው ቀባሪ ባላገኘ!»

«የዋግን ሰው አላውቅም። እኔ የማውቀው ልጄን ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለልጅቷ ወንፊቱም፣ ድስቱም፣ መሶቡም ለብቻ ሆነ። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ከገብስ ቀጥሎ አላስፈጭም ብላ ማሽላ ያመጣ ሰው እስኪያስፈጭ ድረስ ተራዋን ትለቃለች። ሰው «ኮራች» አላት። የንስሐ አባታችን መጥተው ልጅቷ የቀረበውን ዳቦ እንቢ ስትላቸው እኔ በኀፍረት ልሞት ደረስኩ። እሳቸው ግን ፀጉሯን እየዳበሱ «ማሽላንስ የፈጠረው እሱ አይደል? ተዋት» አሉኝ። ልጄም እያደር ልጅ መሰለች።

ከዓመታት በኋላ፣ ኮረዳ ስትሆን፣ ትልቅ ከተማ ወስደን አስመረመርናት። ሐኪሙ በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር እንዳለ፣ የእሷም አንጀት እንደማይችለው ነገረን። መድኃኒቱ አለመብላት ብቻ ነው አለ። ማን እንደደረሰበት ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ ባለቤቴን ጨበጣት።

እሷ ግን ፊቷ አልፈታም። «አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ዶክተር። ገብስና ስንዴ ባስተውኳት በሦስተኛው ወር፣ ምንም ሳትቀምስ ታመመችብኝ። ወንፊቱን በደንብ አላጠብኩት ይሆን እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ።»

«ሳትቀምስ አትታመምም» አለ ሐኪሙ።

ልጄ ወለሉን አየች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ ክትባት የሚያወራ ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ።

ያበላኋት እኔ ነኝ። ቅዳሴ ወጥተን ሰንበቴ ላይ «ይኸ የልጅህ» እያሉ የሚሰጡኝን የስንዴ ዳቦ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» ብዬ ሦስት እሑድ አጉርሻታለሁ። አሳዝናኝ ነው ብል ግማሹ ውሸት ነው፤ ሚስቴ ተሳስታ እንድትገኝልኝ ፈልጌ ነው። ወንፊቱን ደጋግማ እያጠበች ስታለቅስ ቆሜ አይቻታለሁ። ዝም አልኩ። ሐኪሙ ፊትም ዝም አልኩ።