የሰዓዳ አምፖል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። «ሌላስ፣ ልጄ?» ሲሉኝ «የለም፣ አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! እስቲ ዛሬ ለእናንተ ልናዘዘው።

የመካነ ሰላም ሴቶች ወደ ዓረብ አገር መጉረፍ የጀመሩበት ዘመን ነው። እኔና ሰዓዳ ኤሌክትሮኒክስ እንማር ነበር፤ አንድ ዳቦ ለሁለት፣ አንድ መበየጃ ለሁለት። አቤት ያ ጊዜ! ብርዱ፣ የሚቀልጠው ሊድ ሽታ፣ የሰዓዳ ሳቅ፤ ሁሉም ይናፍቀኛል። የመጨረሻው ፈተናችን ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚያወጣ ኦሲሌተር መሥራት ነበር፤ ከፍ ዝቅ ሲል ጫፉ የማይቆረጥ፣ ልሙጥ ሞገድ። የበለጠችው እዚያው ረዳት አስተማሪ ሆና ትቀጠራለች።

የሰዓዳ አባት ቁርኣን ያስቀሩ ነበር፤ እሳቸውን ስትሰማ ያደገ ጆሮዋ ትንሽ ሻካራ ድምፅ አያመልጠውም። ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ሳታይ፣ በማዳመጫ ብቻ ታስተካክለው ነበር። ሞገዷን ልክ የሚያስይዘው ደግሞ ከአባቷ አሮጌ ሬዲዮ የፈታችው ደቃቅ አምፖል ነው፤ ሞገዱ ሲበረታ አምፖሉ ይግላል፣ ሲግል መልሶ ሞገዱን ይገታዋል። የኔው ሞገድ ግን እንቢ ብሎኝ ነበር።

በፈተናው ቀን «አደራ፣ እቃዬን እዪልኝ» ብላኝ ለሶላት ወጣች። እኔስ ምን አደረግሁ? አምፖሏን ፈትቼ ከኔው ላይ አሰርኩት፤ በሷው ላይ የእጅ ባትሪ አምፖል አደረግሁበት። ማሰሪያ ጥርሱ አንድ ነው፣ መልኩም ያው፤ ሞገዱን ግን አይገታም። እኔ ነኝ የፈታሁት። አደራ በላ ማለት እኔ ነኝ።

ፈታኙ ሲያየው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጧል። ሰዓዳ ማንንም አልጠረጠረችም። «ትናንት ወላሂ ንጹሕ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጆሮዬ ነው የዋሸኝ» አለች። ሥራው ለኔ ሆነ፤ እሷ ጅዳ የሰው ቤት ልትሠራ ሄደች።

ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሳ፣ ልትጠይቀኝ ቤተ ሙከራው መጣች። የተማሪዎቼን ሥራ እንድትሰማ ማዳመጫውን ብሰጣት «ተይኝ እቴ! የኔ ጆሮ ድሮም አይታመን» ብላ ሳቀች። ሥራዋን ብቻ የወሰድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጆሮዋንም ነጥቄያታለሁ!

ድሃ ነበርኩ ልበል? እሷስ ሀብታም ነበረች? ልጅ ነበርኩ ልበል? እሷስ እኩያዬ አልነበረችም? ምክንያት የለኝም።

አምፖሉ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። ነገ ይዤላት ቤቷ እሄዳለሁ። አፉ በይኝ ከማለቴ በፊት ግን የምነግራት አለኝ፦ ሰዓዳ፣ ጆሮሽ አልዋሸሽም።